አምስተኛው መስመር

ጉለሌ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚዜዬ ለጢሞቴዎስ፤ ሐዋሳ

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይብዛልህ። ይህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ቆመህ ከሆነ ትወድቃለህ፤ ወድቀህ ብትሰበር ደግሞ የማሳክምበት የለኝም።

ይህን የጻፈው ማን ይመስልሃል? የጎረቤት ልጅ አይደለም። ባለቤቴ ኢየሩም አይደለችም፤ እሷ እንዲህ ያማረ የእጅ ጽሑፍ ከየት ታመጣለች። እኔ ነኝ፣ በዳሳ። ያ የመብራት ቢል፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሠርግ መጥሪያ ይዞ "ጢሞ፣ ይቺ ምን ትላለች?" እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ ክርንህን ሲጎትት የኖረው በዳሳ። አሁን ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ መውጫ ያለው ማስታወቂያ በሙሉ ለእኔ የተሰቀለ ነው። እያነበብኩ ስለምቆም በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን አርፍጄ ሥራ ገባሁ።

በስልክ "ምንድን ነው የምትደብቀኝ? ለምን አሁኑኑ አትነግረኝም?" ብለህ ተቆጥተህ ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ። በስልክማ ማንም ያወራል። ይህን ግን በወረቀት እንድታየው ፈልጌ ነው። ኢምራንን ታውቀዋለህ፣ የሐዋሳውን መኪና የሚነዳውን፤ ደብዳቤያችን በእሱ እጅ ይመላለሳል።

የተማርኩት በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ነው፤ ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ። ትምህርቱ ለማንም ክፍት ነው። መምህራችን ዘርትሁን በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ በቁጣ ግን አያቴ ነች። አሥራ አንድ ተማሪዎች ነን፤ ከሁሉም ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ። እ... ማለቴ፣ ሀጂራ የምትባል ክር ነጋዴ ቀድማኛለች፤ እሷ ግን ድሮም ቁጥር ታውቅ ስለነበር አትቆጠርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማንበቤን ሥራ ቦታ ማንም አያውቅም። እዚያው ነኝ፤ አንተ መወርወሪያህን አስቀምጠህ የወጣህበት የወይዘሮ ሠርካዲስ ሽመና ቤት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። አምና የጋሽ መሸሻን ጥለት ሰው ገልብጦ ገበያ ካወጣባቸው በኋላ ወይዘሮ ሠርካዲስ አሠልጣኝ ጠርተው ወረቀቱን ሁሉ በደረጃ አስከፋፈሉ። ጥብቅ ምስጢር የሆነው የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ማን አንገት ላይ እንደተንጠለጠለ ገምት። የእኔ አንገት ላይ ነው፤ ለዚያ ያበቃኝ ምን እንደሆነ ግን ልንገርህ። ሠራተኛ ሁሉ በተሰበሰበበት ወይዘሮ ሠርካዲስ እንዲህ አሉ፦ "የበዳሳ ዓይን ያያል እንጂ አያነብም። ከእሱ የተሻለ ቁልፍ ያዥ የት አገኛለሁ?"

ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ሳቄን ታውቀዋለህ። በማግስቱ ሄጄ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ።

እንግዲህ ማንበቤ ከታወቀ ቁልፉ ይሄዳል። ቁልፉ ከሄደ ደግሞ እኔ ያው ክር ተሸካሚ ነኝ። ስለዚህ ጉራዬን የምነዛበት አንድ አንተ ብቻ ቀርተኸኛል። ታገሠኝ።

ወንድምህ በዳሳ
(ፊርማዬ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)


ጉለሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደረጃ፦ ቢጫ

ውድ ጢሞ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። "በዳሳ ሆይ፣ አስለቀስከኝ" ያልከውን ለኢየሩ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። በሦስተኛው ወጥ ልታማስል ተነስታ ሄደች።

ከላይ "ደረጃ" ብዬ ስለጻፍኩት አትደናገጥ። የጠየቅከኝን ላስረዳህ ብዬ ነው። ደረጃው አራት ነው፤ በየወረቀቱ ጥግ ላይ ባለቀለም ምልክት ይለጠፋል። ነጭ ማንም ያየዋል፤ የዋጋ ዝርዝር፣ የበዓል መልካም ምኞት። አረንጓዴ ለሠራተኛ ብቻ ነው። ቢጫ ምስጢር ነው፤ የደንበኛ ስም፣ ስልክና የሰውነት ልክ። (ስንት የተከበረች ሴት ወገቧን ደብቃ እንደምትኖር ብታውቅ።) ቀይ ጥብቅ ምስጢር ነው፤ ገና ገበያ ያልወጣ ጥለት።

ቤቴንም በዚሁ ደልድዬዋለሁ። የእኔ ቁመና ነጭ ነው፣ ሕዝብ ይየው። የደመወዜ ቀን አረንጓዴ ነው። የኢየሩ ዕድሜ ቀይ ነው፤ ለእኔም አልተፈቀደም።

አዎ፣ ደሳለች አሁንም አለች። አንተ ስትወጣ ገና አዲስ ነበረች፤ ዛሬ መዝገብ ቤቱና ኮምፒውተሩ በእሷ እጅ ነው። አሠራሩን ላልከው፣ እንዲህ ነው። ጠዋት ቀዩን የጥለት ካርድ ከቁምሳጥኑ አውጥቼ ለደሳለች እሰጣታለሁ። እሷ ለየሸማኔው የድርሻውን ብቻ በቁራጭ ወረቀት ትጽፋለች። የቀሚሱን ጠርዝ የሚሠራው የደረቱን አያውቅም፤ የደረቱን የሚሠራው የነጠላውን አያውቅም። ቁራጮቹን የማድለው፣ ማምሻውን ቆጥሬ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሙሉውን የሚያዩት ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ ጥለቱን የፈጠሩት ጋሽ መሸሻ እና ደሳለች ናቸው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ እኔ ግን "አላነብም"።

ሌንጮ የሚባለው ሸማኔ ትናንት ቁራጩን ስሰጠው "በዳሳ፣ ገልብጠህ ነው የያዝከው" ብሎ ሊያሾፍብኝ ሞከረ። በትክክል ነበር የያዝኩት። "ለእኔ ሁለቱም ያው ነው" ብዬ አሳቅኋቸው። ጢሞ፣ እንዲህ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ብታውቅልኝ።

የጽሑፌን ስህተት እያረምክ እንደምትልክልኝ መንገርህ ትልቅ ነገር ነው። መምህር ዘርትሁን "በየሥራ ቦታችሁ ያገኛችሁትን አሥር አሥር መስመር ገልብጡ፤ እጅ የሚፈታው እንደዚያ ነው" ብላናለች። ሀጂራ የክር ካርቶኖቹን ትገለብጣለች። እኔ የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ ገልብጬልሃለሁ፤ አብሮ ተልኳል።

ያንተው በዳሳ


ሐዋሳ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዳሳ፣

ሰላምህ ይብዛ። የእሳት ማጥፊያው ጽሑፍህ ታርሞ አብሮ ተልኮልሃል፤ ከአሥር ሰባት ሰጥቼሃለሁ። አትከፋ። ፊደልህ ቆንጆ ነው፤ እውነቱን ስነግርህ ግን የእሳት ማጥፊያ ማንም ይገለብጣል። እጅህ የሚደክመው ቁጥርና ቃል አንድ ላይ ሲመጡ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያስፈልግሃል፤ እየተቆጠረ የተጻፈ፣ ጠበቅ ያለ። ካልቻልክ ተወው፣ ለጀማሪ ይከብዳል።

እናንተ ቤት እንዲህ ያለው ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እኔ ሐዋሳ ነኝ፤ ለማን እነግራለሁ? አንተንስ ለሃያ ዓመት ማን አነበበልህ? አንድ ቀን "የአንተ ምስጢር ከእኔ ወጣ" ብለህ ታውቃለህ?

ሱቁ ደህና ነው፤ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ። የሀገር ልብስ እዚህም ይፈለጋል። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ።

ሚዜህ ጢሞቴዎስ


ጉለሌ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደረጃ፦ ቀይ፣ በጣም ቀይ

ውድ ጢሞ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የዘገየሁት ስንፍና ይዞኝ አይደለም፣ ፍርሃት ይዞኝ ነው። ፍርሃት ማለቴ... ጥንቃቄ በለው።

"ካልቻልክ ተወው፣ ለጀማሪ ይከብዳል" ያልከው አናዶኛል። ለእኔ? እንካ። በሌላ ወረቀት፣ በአራት ታጥፎ፣ አብሮ አለ። የጋሽ መሸሻ አዲሱ ጥለት ነው። "የእንጦጦ ጉም" ይሉታል፤ ለጥምቀት ሰሞን የሚወጣው እሱ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ተራራው ሽቅብ እያዩ፣ ጉሙ በባሕር ዛፉ መሐል ሲወርድ በክር እየቆጠሩ የሠሩት ነው። መጀመሪያ ላይ "ጠርዝ፦ ነጭ ሃያ አራት፣ ጥቁር አረንጓዴ ስምንት፣ ነጭ አራት" ይላል። ቀሪውን ራስህ ታየዋለህ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይጽፈዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሳነበው ተራራው ታየኝ። ጢሞ፣ ከክር ቁጥር ተራራ ታየኝ። ማንበብ ማለት ይሄ ከሆነ ስንት ዓመት ነው የተበላሁት።

የገለበጥኩት ካርዱን ለደሳለች ከማድረሴ በፊት፣ ክር ማስቀመጫው ጥግ ተቀምጬ ነው። ሦስት ጠዋት ፈጀብኝ። ጣቴን በየመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ እንደ መምህር ዘርትሁን ትእዛዝ። መሐል ላይ ጋሽ መሸሻ ከኋላዬ አሳላቸውና ደንግጬ ቀና አልኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ ከሁለት ክንድ በላይ አያዩም። "በዳሳ ነህ?" አሉኝ። "እኔ ነኝ ጋሼ።" "ካርዱን እንዳታረጥብ፤ እጅህ ያልበዋል።" 

አርመህ፣ ቁጥሬን ሰጥተህ፣ ከዚያ ቅደደው። እንደምትቀደው በስልክ ምለህልኛል፤ እኔም አምኜሃለሁ። ከአሥር ዘጠኝ ካልሰጠኸኝ ግን ሚዜነታችን እዚህ ላይ ያበቃል።

የሽሮ ሜዳው ሊቅ፣ በዳሳ


ጉለሌ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደረጃ፦ ቀይ

ውድ ጢሞ፣

እንዴት ነህ? ልጆቹስ?

በስልክ ለጠየቅከኝ፦ አዎ፣ ሙሉ ነው። የጻፍኩት ስምንት መስመር ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፣ አንድም አልዘለልኩም። የክሩን ውፍረት አላውቅም፤ ካርዱ ላይ የለም፤ እሱን ጋሽ መሸሻ በጣታቸው ነው የሚያውቁት። "መቼ ነው የሚወጣው?" ላልከው፣ ነግሬሃለሁ፣ የጥምቀት ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት የሚለብሱት አንድ የሙሽራ ቤተሰብ ብቻ ናቸው።

አንተም አንድ ጥያቄ መልስልኝ። የወረቀቴ ውጤት ለምን አልመጣም? የእሳት ማጥፊያው በሁለት ሳምንት ነበር የመጣው። ኢምራን በመጣ ቁጥር "ለእኔ የለም?" እያልኩ መኪናው በር ላይ እንደ ለማኝ መቆም ሰልችቶኛል። ውፍረቱን፣ ቀኑን ትጠይቀኛለህ፤ "ፊደልህ እንዴት ነው" ግን አትለኝም።

ምናልባት ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። በቃ፣ ትቼዋለሁ።

ከደሳለች ጋር የሆነውን ልንገርህና ሳቅ። ትናንት ጠረጴዛዋ ላይ ስሟ የተጻፈበት ፖስታ አየሁና ሳላስበው "ደሳለች፣ ፖስታ መጥቶልሻል" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "የእኔ መሆኑን በምን አወቅክ?" "ሽታው የአንቺ ነው" አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጋሽ በዳሳ፣ አንድ ቀን ልትማር ብትፈልግ እኔ በምሳ ሰዓት አስተምርሃለሁ፤ ለማንም አልናገርም" አለችኝ። ክር ልሸከም ወጣሁ።

ሳቅ ብዬህ ነበር፤ ስጽፈው ግን ያን ያህል አላሳቀኝም።

በዳሳ


ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጢሞቴዎስ፣

ሰላም ነው?

ቀደህዋል አይደል? ይህን ብቻ መልስልኝ። በስልክ ሰባት ጊዜ ሞክሬ አላነሳህም።

ማክሰኞ ጋሽ መሸሻ በሽሮ ሜዳ ሱቆች በኩል ሲያልፉ የተሰቀለ ቀሚስ ትከሻቸውን ነካቸው። እንደምታውቀው ዓይናቸው አይረዳቸውም፤ በጣታቸው ዳሰሱት። ከጠርዙ ጀምረው ወደ ላይ እየቆጠሩ ደረቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ባለ ሱቁ "ከሐዋሳ የመጣ ነው አባባ፣ አዲስ ጥለት ነው" አላቸው። ቀሚሱን ገዝተው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።  ሁለት ክረምት ሙሉ የሠሩትን ሥራ ከሱቅ ገዝተው መጡ።

የሙሽራዋ ቤተሰብ በማግስቱ ትእዛዙን ሰረዙ። "ገበያ ላይ ያለ ከሆነ ከገበያ እንገዛለን" አሉ።

ወይዘሮ ሠርካዲስ ደሳለችን ጠሯት። ሙሉውን ካርድ የሚያዩት ሦስት ናቸው ተባለ። አንዷ የቤቱ ባለቤት ራሳቸው፣ አንዱ የፈጠሩት ሰው፣ አንዷ እሷ። የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ተቀብለው እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ አሏት። ስትወጣ ቦርሳዋን ራሷ ከፍታ አሳየቻቸው፤ ማንም አልጠየቃትም።

ሸማኔዎቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ። ዘበኛው ተጠየቀ። ውኃ የምታመጣው ሴት ሳትቀር ተጠየቀች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። በሩ ጋ ቁልፌን አንገቴ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። ወይዘሮ ሠርካዲስ በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን መታ አድርገው "አንተ ብቻ ቀረኸኝ" አሉኝ።

ጢሞ፣ ቀሚሱን እኔም አየሁት። ማንም ሳያየኝ ካርዱን አጠገቡ ይዤ መስመር በመስመር ተከተልኩት። ካርዱ ዘጠኝ መስመር ነው። ቀሚሱ ላይ ያለው ስምንት ነው። አምስተኛው የለም። ጋሽ መሸሻ ከኋላዬ ያሳላቸው ዕለት፣ ለካ ጣቴ ከአራተኛው ወደ ስድስተኛው ተንሸራትቷል። የእኛው ላይ እዚያ ቦታ ጉሙ ይወርዳል። የሐዋሳው ላይ ዛፉ ደርቆ ቆሟል።

ይህን ስህተት የማውቀው እኔ ነኝ። የእኔ ነውና። በዓለም ላይ ያለው በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

ቀደህዋል አይደል?

በዳሳ


ሐዋሳ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበዳሳ፣

ሰላም ለአንተና ለኢየሩ። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ስልክ ለማንሳት ጊዜ አጥቼ ነው፤ አትቀየም።

የጻፍከው በጣም ከብዶኛል። እኔ ከአንተ በጉልበት የወሰድኩት ነገር የለም። አንተ ነህ ጽፈህ የላክኸው፤ በራስህ እጅ፣ በራስህ ፊርማ። ይህን እንድታስብበት እፈልጋለሁ። ደግሞ ጥለት የማን ነው? እኔም በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስወረውር ኖሬያለሁ፤ ስወጣ ምን ሰጡኝ? ገበያ እንዲህ ነው። ሌላው ቢያገኘው ኖሮ እሱም ያደርገው ነበር።

እንደ ወንድም ልምከርህ። ዝም በል። አንተን ማን ይጠረጥርሃል? ማንበብ አይችልም ብለው ነው የሚያስቡት፤ ከዚያ የተሻለ ጋሻ የለህም። ልጅቷ ወጣት ነች፣ ኮምፒውተር ታውቃለች፣ ሌላ ሥራ አታጣም። አንተ በዚህ ዕድሜህ የት ትሄዳለህ?

ስለ ጽሑፍህ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቼሃለሁ። በኢምራን አንድ ጋቢ ልኬልሃለሁ። ብርድ ነው።

ጢሞቴዎስ


ጉለሌ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደረጃ፦ ነጭ

ለጢሞቴዎስ፤ ሐዋሳ

ሰላምታዬን ከታች ታገኘዋለህ፤ ከተረፈ።

ምክርህ ደርሶኛል። "ዝም በል" የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ ዓመት ለእኔ ስታነብልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖርበት ትዘለው ነበር ወይስ ታነብልኝ ነበር? ይህን ከአሁን በኋላ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ከቀሚሱ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው። የእናቴ ሞት የመጣበትን ወረቀት ያነበብክልኝ አንተ ነህ። በሠርጌ ቀን የመጣውን የአጎቴን ደብዳቤ ያነበብክልኝ አንተ ነህ። አሁን ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን "በትክክል እንዲያ ይል ነበር?" እላለሁ። ወረቀቶቹ የሉም። ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።

ዓርብ ዕለት ወይዘሮ ሠርካዲስ ሁላችንንም ሰበሰቡ። ደሳለችም ተጠርታ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ወረቀት ነበር። የስንብት ደብዳቤዋ ነው።

እጄን አወጣሁ። ሌንጮ "ሽንት ቤት ነው?" አለ፤ ሳቁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የደንብ ወረቀት ዞሬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ "ቀይ ምልክት ያለበትን ማንኛውንም ጽሑፍ መገልበጥ፣ ከሥራ ቦታ ማውጣት፣ ላልተፈቀደለት ሰው ማሳየት በጥብቅ የተከለከለ ነው።"

 ሌንጮ ግን "በቃሉ ይዞት ነው፣ ሲነበብ ሰምቶ" አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ወይዘሮ ሠርካዲስ ዓይኔን ትኩር ብለው አዩኝና የታሸገውን ደብዳቤ ከፍተው ሰጡኝ። "እስቲ ይህን" አሉኝ።

ጢሞቴዎስ፣ በሰው ፊት ጮክ ብዬ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው። ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ፤ በመድረክ ላይ፣ ኢየሩ ከፊት ተቀምጣ፣ እኔ ከረባት አስሬ። ያነበብኩት ግን የስንብት ደብዳቤ ሆነ። አንድ ፊደል አልተደናቀፍኩም። "ድርጅቱ የጣለባትን እምነት በማጉደል" የሚለውን "የጣለበትን" ብዬ አነበብኩ። ስሟ ላይ ስደርስ የራሴን ስም አነበብኩ።

"እንዲያ አይልም" አሉ ወይዘሮ ሠርካዲስ።

"አውቃለሁ እትዬ። ማለት ያለበት ግን እንዲያ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ትምህርቱን፣ ሦስቱን ጠዋት፣ አንተን። ደብዳቤዎችህንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ጋሻህ ነው ያልከውን ጭምር። ወይዘሮ ሠርካዲስ እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "መቼ ነው የተመዘገብከው?" አሉኝ። ቀኑን ነገርኳቸው። ያኔ ምን እንዳሉ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። አንገቴ ላይ አሁንም የገመዱ ምልክት አለ።

ደሳለች ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። "ላስተምርህ ብዬህ ነበር እኮ" አለችኝ። እስካሁን ቀና ብላ አታየኝም፤ አልፈርድባትም።

ጋሽ መሸሻ ሁሉም ከወጣ በኋላ ጠሩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ስንት መስመር ላክህለት?"

"ስምንት።"

"የትኛውን ዘለልክ?"

"አምስተኛውን፣ ጋሼ።"

ካርዱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። "ዓይኔ ካላነበበው ስድስት ወር ሆነው። እስቲ እሱን አንብብልኝ" አሉ። አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ሰሙኝ። ስጨርስ ካርዱን ከእጄ ወሰዱና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም።

ከሥራ አልተባረርኩም። ግቢ ውስጥ የተወሳሰበ ክር እፈታለሁ፤ በዙሪያዬ ምንም የሚነበብ ነገር የለም። ለውኃ ወደ ውስጥ ስገባ ሁሉም ወረቀቱን በመዳፉ ይሸፍናል። ሌንጮ እንኳ ይሸፍናል። ማንበብ እንደምችል ያመኑልኝ እንዲህ ነው። ከክፍሌ ተማሪዎች ይህን ያህል ክብር ያገኘ ማንም የለም፤ ሀጂራም ብትሆን።

ጋቢህን ለኢምራን መልሼ ሰጥቼዋለሁ። ያረምክልኝን የእሳት ማጥፊያ ወረቀት ደግሞ ለመምህር ዘርትሁን አሳየኋት። አንተ ያላየሃቸው አሥራ አራት ስህተቶች አገኘችበት። አንተ የምትፈልገው የእኔን ስህተት አልነበረም፤ አሁን ገባኝ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ወይዘሮ ሠርካዲስ አንብበውታል፤ ደሳለች አንብባዋለች፤ ለጋሽ መሸሻም ራሷ አንብባላቸዋለች። ኢየሩም ሰምታዋለች፤ በሦስተኛውም ተነስታ አልሄደችም። ለዚህ ነው ነጭ ያልኩት። ከፈለግክ ሱቅህ በር ላይ ለጥፈው።

ጋሽ መሸሻ በዚህ ሳምንት ዘጠኙም መስመር ያለበትን አንድ ቀሚስ አስጨርሰው በር ላይ ሰቅለውታል። የሐዋሳውን የገዛች አንዲት ሴት ቆማ ብዙ አየችው። "የእኔው ላይ የሆነ ነገር ጎድሏል" አለች። ምን እንደሆነ ልትነግራቸው አልቻለችም።

አንተም ልትጠይቀኝ ብዕር እንደምታነሳ አውቃለሁ። አምስተኛው መስመር ምን ይላል ብለህ። በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በወረቀት ላይ ግን ሁለተኛ አልጽፈውም።

እሱ ቀይ ነው።

በዳሳ